አምስት የማሽላ ራሶች ከመተማ

ማክሰኞ ንጋት ላይ ወገቤን እያመመኝ ከጎንደር ተነሳሁ። የአፈር ቤተ ሙከራ ባለሙያ ነኝ። በሰኔ፣ መተማ አጠገብ ለሚኖሩት ገበሬ ለአቶ መሳፍንት ዘር ላይ የሚቀባ የባክቴሪያ ዱቄት ሰጥቼ ነበር፤ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ድርቅን እንዲችል ያግዘዋል። ዝናቡ በነሐሴ ቀጥ አለ። እንግዲህ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ነው የምሄደው። አለቃዬ ቁርጡን ነግሮኛል፦ ካልሠራ ሙከራው ይዘጋል። አራት ዓመት ለፍቼበታለሁ።

አይከል ላይ አውቶቡሱ ቆሞልን ቁርስ በላን፤ ሽሮው የትናንት ነበር። ከዚያ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ሦስት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። በሰኔው ጉዞ «ምን ይዘሃል?» ሲሉኝ «ባክቴሪያ» ብዬ ግማሽ ቀን ስላቆሙኝ፣ አሁን የበረዶ ሳጥኑን ከፍቼ ባዶ መሆኑን ብቻ አሳየኋቸው። መተማ ዮሐንስ ዘጠኝ ሰዓት ገባን። አንድ ሳህን ፉል በልቼ፣ በላብ ተጠምቄ አደርኩ።

ረቡዕ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ባጃጅ አስፋልቱ ዳር ጣለኝ፤ ቀሪውን በእግሬ። ጥቁሩ አፈር እግር እስኪውጥ ተሰነጣጥቋል። አቶ መሳፍንት ማሳው ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ግማሹ የተቀባ ዘር፣ ግማሹ ያልተቀባ የተዘራበት ነው። ሁለቱም እኩል ጠውልገዋል። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የዓመት ቀለባቸው ይኸው ነው።

ልሰናበት ስል ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ የጓሮዋን ጥግ ለምን እንዳላሳዩኝ ጠየቋቸው። ሄድን። አንድ መስመር ማሽላ አረንጓዴ ሆኖ፣ ራሱ ሞልቶ ቆሟል። አጠገቡ ያለው ያልተቀባው መስመር ደርቋል። አፈሩ አንድ ነው።

«ይችን እንዴት ዘሯት?» አልኳቸው ወይዘሮ ጥሩዬን።

«ዘሩን ከቀባንበት ሳፋ ሥር የቀረውን እርጥብ ዘር ያኔውኑ ዘራሁት።»

«የማሳውስ?»

አቶ መሳፍንት መለሱ፦ «የማሳውንማ ቀብተን፣ እንደ ደንቡ ሸራ ላይ አስጥተን ፀሐይ አስመታነው። ዘር ፀሐይ ሳይመታው ይዘራል እንዴ?»

ከአባታቸው ጀምሮ ነቀዝን የሚገድሉት እንዲህ ነው። የመተማ ፀሐይ ደግሞ ነቀዝ ከገደለ ባክቴሪያውን ይምራል? የሰጠሁት ወረቀት ላይ ስንት ውሃ፣ ስንት ዱቄት ሁሉ አለ። ስለ ፀሐይ አንድ ቃል የለም። ዘራቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁም አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። አፈርኩ።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ?» አሉ አቶ መሳፍንት ፈገግ ብለው። «እኛም ሊቁ አንተ ነህ ብለን አልጠየቅን። ለመሆኑ አስቀድመን አስጥተን፣ ኋላ ብንቀባው ምን ይላል?»

ምን ይላል! አራት ዓመት ያጣሁትን መልስ ቆመው ነገሩኝ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ከአረንጓዴው መስመር አምስት ራስ ቆርጠው አመጡ። ቀለባችሁ ነው፣ አይሆንም ብል እምቢ አሉ። «ለአለቃህ አሳየው» አሉኝ። በረዶ ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩት።

ሐሙስ ማታ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ሪፖርቱን ጻፍኩ። «ያልሠራበት ምክንያት» በሚለው ላይ «ባለሙያው ገበሬው ዘሩን እንዴት እንደሚያዘጋጅ አልጠየቀም» ብዬ ስሜን ፈረምኩ። አርብ ጠዋት አለቃዬ አምስቱን ራሶች ሲያገላብጥ ቆይቶ አንድ ዓመት ጨመረልኝ።

እነ አቶ መሳፍንት ግን ይህን ዓመት የሚሻገሩት በዚያ በጠወለገው ማሳ ነው። ከዳነችው አንዲት መስመር ላይ ደግሞ አምስቱን ራስ ለእኔ ሰጥተዋል።