በበሶ የተወጣ ተራራ

ጋሼ ወልደ ሐዋርያት በእግራቸው የሄዱትን መንገድ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ቢለካው፣ ገመዱ ኢየሩሳሌም ደርሶ፣ ተሳልሞ፣ ሲመለስ ወልድያ ላይ ምሳ በልቶ ሰቆጣ ይገባ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የወባ ሠራተኛ ነበሩ። መርጫውን አዝለው ከዝቋላ ቆላ እስከ አበርገሌ ያልገቡበት ጎጆ የለም። የረጩት ቤት በር ላይ ቀኑን በጠመኔ ይጽፋሉ። በዚያ አገር ልጅ መቼ ተወለደ ሲባል፣ «ጋሼ ወልደ ሁለተኛ የጻፉ ጊዜ» ይባላል።

ጡረታ ወጡ። ጉልበታቸውም አብሯቸው ወጣ። እግራቸው ግን ደብዳቤው አልደረሰውም። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲውሉ እግራቸው ለብቻው እንደ ልብስ ሰፊ እግር ይረግጣል። ጎረቤት የተቀደደ ሱሪ ይዞ እየመጣ፣ «ጋሼ፣ በዚያው ይቺን ይጥቀሙልኝ» እስከማለት ተደርሷል።

በ1999 ዓ.ም. ጥር ላይ ማመልከቻ ለማስጻፍ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የዓለምነህ ኮምፒውተር ቤት ገቡ። ዓለምነህ ደህና የሚሠራ ነገር አይቶ ዝም ማለት የማይችል ወጣት ነው። የእናቱን የግድግዳ ሰዓት አሻሽላለሁ ብሎ ፈታው፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። እናቱም፣ «ቢያንስ እኔ እያረጀሁ አይደለም፣ ወጣት እየሆንኩ ነው» ይላሉ።

ያን ሰሞን እጁ ያለው ጌም ላይ ነው። ከማዶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላቸው የአንድ ሸህ ልጅ ኸሊል ከመቀሌ ያመጣለት፣ ዘንዶም ጠንቋይም ያለበት፣ ማለቂያ በሌለው አገር ውስጥ እንደ ልብ የሚዞሩበት ጌም። ከጌሙ ጋር ደግሞ ማሻሻያዎች የታጨቁበት ሲዲ ነበር። አንዱ ዛፉን ያለመልማል፣ አንዱ ሰማዩን ይቀይራል፣ አንዱ ለመንደርተኛው አዲስ ፊት ይሰጣል። ዓለምነህ ጌሙን ስምንት ወር አልተጫወተም፤ ስምንት ወር ማሻሻያ ጫነ። በስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ከመጀመሪያው መንደር በር ሳይነቃነቅ ቆሞ፣ ሥር ሳይሰድ አልቀረም።

ጋሼ ወልደ ስክሪኑን ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ተራራ ነው ጋሼ። በረዶ አለው።»

«ሥዕል ነው ወይስ ይደረሳል?»

«የሚታየው ሁሉ ይደረሳል። በእግር።»

«በእግር» አሉና ወንበር ሳቡ። ማመልከቻው እስከ ዛሬ አልተጻፈም።

ከኪቦርዱ የተማሩት ወደፊት የሚያስኬደውን ቁልፍ ብቻ ነው። ወደ ኋላ የሚመልሰውን «አያስፈልገኝም» አሉ። ማውሱን እንደ በቅሎ ልጓም ይዘው፣ ከቅዳሴ መልስ እየመጡ እስከ ምሳ ሰዓት ይሄዳሉ። ሽፍታ ሲመጣ አይዋጉም፤ ይሸሻሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት በምን ይመስልሃል?» ይላሉ። የሰው ቤት ሲደርሱ ደግሞ «ቤቶች!» ብለው ሳይጣሩ አይገቡም። ደብዳቤ ለማስጻፍ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ «ይግቡ!» ይላቸዋል። በጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን አንዲት ቃል ይደጋግማሉ።

«ከብቱን አይጠይቅ፣ ልጁን አይጠይቅ! ማን አሳደገው ይሄን?» ብለው ጋሼ ወልደ ይቆጣሉ።

መከራው ዓለምነህ ነው። ጌሙ የደረሱበትን ቦታ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን አንድ ማሻሻያ ከተነቀለ ወይም ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የተቀመጠው ጉዞ አይከፈትም። እንደገና ከመንደሩ በር ነው። ጋሼ ወልደ ሦስተኛው መንደር ሲደርሱ ዓለምነህ ሣር አለመለመ፤ ሣሩ ከመብዛቱ የተነሳ ኮምፒውተሩ አንድ እርምጃ ለማራመድ አንድ ቅዳሴ ፈጀ። ሣሩን ነቀለው፤ ጋሼ ወልደ መንደሩ በር ተመለሱ። ደግመው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ፈረሱን በበቅሎ ለወጠላቸው፤ በቅሎዋ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብላ በአየር ሄደች። በቅሎዋን ነቀለ፤ እንደገና መንደሩ በር።

«ዓለምነህ፣ ልጄ፣ ተው።»

«ጋሼ፣ ይቺ የመጨረሻዬ ናት።»

«እናትህም ‹ሰዓቱን ሲፈታ እንዲህ ነው ያለኝ› ይላሉ።»

በዚህ መሃል ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው ጥሩሐረግ ደወለች። ለፋሲካ መጥታ፣ በዓሉ እንዳለፈ ይዛቸው ልትሄድ ነው። ጉልበታቸው ሜዳ አገር ይሻለዋል። ጋሼ ወልደ ስልኩን ዘግተው በጣታቸው ቆጠሩ። በሕማማት ሳምንት ስግደት ነው፤ ጌም አይነኩም። ስለዚህ ተራራው ላይ መድረስ ያለባቸው ከሆሳዕና በፊት ነው። ከዚያ ወዲያ የለም። እግራቸው ያን ቀን ከጠረጴዛው ሥር እንደ ከበሮ መታ።

ሁዳዴ ገባ። እሳቸው ለሦስተኛ ጊዜ ከበሩ ተነስተው በሦስት ሳምንት ወደ ተራራው የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ደረሱ። ነጩ ተራራ ስክሪኑን ሞላው። ልክ ያን ጊዜ ዓለምነህ እጁን በላው፤ ሳይነግራቸው ረሃብ የሚያመጣ ማሻሻያ ጫነ።

«አሁን እንደ እውነተኛ ሰው ነው» አለ በኩራት። «ካልበላ ይዝላል፣ ከዛለ ይወድቃል።»

«ከረጢቱ ውስጥ ምን አለ?»

«ቋንጣ፣ አይብ፣ እንቁላል።»

ጋሼ ወልደ ዞረው አዩት። «በሁዳዴ?»

ሲዲውን የሠሩት ሰዎች ስለ ጾም ማንም አልነገራቸውም።

ሰውዬው ድልድዩን ተሻገረ፣ ተንገዳገደ፣ ዓይኑ ጨለመበት፣ ሞተ። ድልድዩ ጋ ተነሳ። እንደገና ሄደ፣ እንደገና ሞተ። በአንድ ጠዋት ሰባት ጊዜ ሞቷል፤ ሰባቱንም ጊዜ ጾሙን አልፈታም።

«ጋሼ፣ መንገደኛ እኮ ይፈቀድለታል፤ በእኛ ዘንድ መንገደኛ ያፈጥራል» አለ ኸሊል ከደጃፉ።

«በእናንተ ዘንድ በኋላ ይከፍላል። እኔ በሌላ ጊዜ ልጹም ብል ሰውዬው ባሕር ዳር ይከተለኛል?»

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ አምላክ የማኅበር ደብዳቤ ለማስጻፍ ገብተው ነበርና ጉዳዩ ቀረበላቸው። ስክሪኑን ጠጋ ብለው መረመሩ።

«ይሄ ሰው ክርስትና ተነስቷል?»

«አልተነሳም አባ» አለ ዓለምነህ ተስፋ አድርጎ።

«እንግዲያ ይብላ።»

«አባ፣ የሚያጎርሰው ግን የኔ ጣት ነው» አሉ ጋሼ ወልደ።

አባ ገብረ አምላክ ጢማቸውን ሁለት ጊዜ ዳበሱ። «እንግዲያ አይብላ» አሉና ደብዳቤያቸውንም ረስተው ወጡ።

ሆሳዕና ዘጠኝ ቀን ቀረው። ረሃቡን ከነቀሉት መንደሩ በር ነው፤ ከመንደሩ በር ድልድዩ ሦስት ሳምንት ነው። ካልነቀሉት ደግሞ ሰውዬው በየማለዳው ይሞታል። ዓለምነህ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አይቡን በሶ ብዬ ስሙን ልለውጠው?»

«እኔንም ጳጳስ በለኝና ልባርክህ» አሉት። ከዚያ፣ «ስም አትለውጥ። በሶ ሥራ።»

ዓለምነህ የሰው ማሻሻያ ሲጭን እንጂ ሲሠራ አይቶት የሚያውቅ የለም። ሁለት ቀን ሱቁን ከፍቶ ማንንም ሳያስተናግድ ተቀመጠ። የደሃና ወረዳ ገብስ በሶ በትንሽ የቆዳ ከረጢት አድርጎ ሣለ። ከሁሉም ማሻሻያ መጨረሻ ላይ አሰለፈው፤ የፊተኞቹን እንዳይነካ። አንድ ቁጥር ብቻ ቀረ።

«ጋሼ፣ አንድ ጭብጥ በሶ ምን ያህል ያስኬዳል?»

«ከሰቆጣ አምደወርቅ።»

«ጋሼ፣ አያጋንኑ።»

«ውሃ ካለበት።»

አመናቸውና ያንኑ ጻፈ። የተቀመጠው ጉዞ ተከፈተ። ሰውዬው አንድ ጭብጥ ቀመሰ፤ ከዚያ ወዲያ በጌሙ አቆጣጠር ዐሥራ አንድ ቀን ረሃብ የሚባል አላወቀም። ኸሊል አይቶ፣ «ይሄ በሶ አይደለም፣ ናፍታ ነው» አለ። የሰቆጣ ገበያ ይህን ሰምቶ በማግስቱ የገብስ ወረፋ ሆነ ቢባል የሚያስተባብል አልነበረም።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጋሼ ወልደ የተራራው እግር ላይ ነበሩ። ሽቅብ ጀመሩ። ልክ ያን ጊዜ ኸሊል ከመቀሌ መኪና ወርዶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ፍላሽ ከፍ አድርጎ ገባ።

«ዓለምነህ! የበረዶው መጣልህ! ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል አሉ!»

ዓለምነህ ከወንበሩ ተነሳ። ጣቶቹ ወደ ፍላሹ ተዘረጉ።

«ዓለምነህ» አሉ ጋሼ ወልደ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

«አቤት ጋሼ።»

«እጅህ ይሰማኛል።»

ዓለምነህ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለቱንም እጆቹን ከሥሩ አስገብቶ ተቀመጠባቸው። አንድ ደንበኛ ውል ሊያስጽፍ መጣ፤ «ሰኞ ና» አለው። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳም። አፍንጫውን በላው፤ ኸሊል አከከለት። መብራቱ አንዴ ብልጭ ድርግም አለ፤ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አምፖሉ ቀና አለ። መብራቱም አዘነላቸው መሰለኝ፣ ቆየ።

ሰውዬው ጫፉ ላይ ወጣ። ወደ ላይ የሚኬድበት ነገር አለቀ። ጋሼ ወልደ ጣታቸውን ከቁልፉ አነሱ። ከጠረጴዛው ሥር ሲረግጥ የነበረው እግራቸው ከጡረታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ከታች ድልድዩ፣ መንደሮቹ፣ ሁለቴ የተመለሱበት በር ይታያል።

«ጠመኔ አለ?»

«እዚያ መጻፍ አይቻልም ጋሼ። ዕቃ ማስቀመጥ ግን ይቻላል።»

የቀረውን በሶ ከነከረጢቱ በረዶው ላይ አስቀመጡት። ቀና ሲሉ ከተራራው ማዶ ሌላ ተራራ ታየ። ጥቁር ነው። እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብሎ እንደገና ጀመረ።

«ያስ?» አሉ።

«የሚታየው ሁሉ» አለ ዓለምነህ፣ እጁ ላይ እንደተቀመጠ።

ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ጥሩሐረግ ይዛቸው ሄደች። አውቶብሱ ውስጥ ተቀምጠውም እግራቸው ነዳጁን ያግዝ ነበር ይላሉ ያዩት።

ከወር በኋላ ከባሕር ዳር ደወሉ። ጥሩሐረግን አላስፈቀዷትም፤ ከጎረቤት ነው የደወሉት። የዓለምነህንም ጤና፣ የእናቱን ሰዓት፣ የኸሊልን ሱቅ በተራ ጠይቀው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በሶው አለ?»

«አለ ጋሼ።»

«አልነካኸውም?»

«አልነካሁም።»

ኸሊል አጠገቡ ቆሞ ነበር። ስልኩን በቀኝ እጁ ይዞ ሲመልስ፣ ግራ እጁ ላይ ተቀምጦበት ነበር ብሎ ይምላል።