አንድ ለሃምሳ ያልሆነው ፕላን

«አያ ጌታው፣ ጉድጓዱ ጠበብ በማለቱ ቁፋሮው ቀሎልናል። ብረቱ ቆሟል፤ ታንከሩን ልንሰቅል ነው!» አለኝ ግንበኛው እድሪስ ግንባታው ካለበት ከባሱንዳ ደውሎ፣ እየሳቀ።

የውኃ ታንከሩን መቆሚያ ፕላን የሣልኩት እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ ከወረቀቱ ጋር እንዲገጥም የሥዕሉን ማሳያ መስኮት አጠበብኩት። ጫፉ ሲቆረጥብኝ ውስጡ ገብቼ ሥዕሉን በማውስ አሳነስኩት፤ መጠኑ እንዳይለወጥ ስኬሉን አልቆለፍኩትም ነበር። ከሥሩ ግን አሁንም «አንድ ለሃምሳ» ይላል።

እድሪስ ደግሞ የተጻፈ ልኬት አያነብም፤ ወረቀቱን በማስመሪያ ለክቶ በሃምሳ ያባዛል። እንዲህ የጠበበ መሠረት ደግሞ ሙሉ ታንከር አይችልም። (እኔም ኮምፒውተር ሳልለምድ እንደሱ ነበርኩ።)

«እንዳትሰቅሉ!» ስል ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አያነሣም።

ሟች ባለቤቴ «ሥራህን ስትጨርስ አማትብ» ትለኝ ነበር። አማትቤያለሁ፤ ወረቀቱን ግን መልሼ አላየሁትም።

ከገዳሪፍ ወጥቼ ወደ ባሱንዳ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ነኝ፤ ከፊታችን ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሰማዩን አቅልቶታል። ከታንከሩ ሥር ውኃ ቀጂዎች ይሰለፋሉ።

እናንተስ፣ የእጃችሁ ሥራ ሰው አናት ላይ ተንጠልጥሎባችሁ ያውቃል? ሳይወድቅ ደረሳችሁለት?