የታንከሩ አራተኛ እግር

ባለፈው ሳምንት የጋሽ ወርቁ ልጅ ሰናይት ዲላ ወዳለው ወርክሾፔ መጥታ ለአባቷ መቃብር የብረት አጥር አዘዘችኝ። እሺ አልኳት። 

ብየዳ ያስተማረኝ ጋሽ ወርቁ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ጉራዬ ግን የዋና ባለሙያ ነበር። እሱ ዘንድ ኤሌክትሮድ፣ የብየዳው ዘንግ፣ ፍም ዳር ሳይደርቅ አይነካም፤ የተበየደ ነገር ሁሉ ደግሞ በመዶሻ ሦስቴ ይመታና ድምፁ ይደመጣል። ዓይን ይሸነገላል፣ ጆሮ ግን አይሸነገልም ይል ነበር።

አንድ ጊዜ ሬኮ በሚባል ገጠር ለአንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ባለአራት እግር የውሃ ታንከር ማቆሚያ ልንሠራ ሄድን። ጥቅምት ቢገባም ዝናቡ አልለቀቀም፤ መንገዱ ጭቃ፣ አገሩ ሁሉ የቡና ገለፈት ይሸታል። ቀዩ ቡና ተራግፎ ውሃ ይጠብቃል፣ ሰዉ ቶሎ በሉ እያለ ያጣድፈናል። ጋሽ ወርቁ ሦስቱን እግር በየደና አራተኛውን ለእኔ ተወልኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ በደስታ የምገባበት ጠፋኝ። ኤሌክትሮዱን ግን ደጅ ረስቼው ዝናብ ጠጥቶ አድሯል። ብናገር ሥራውን ይቀማኛል ብዬ ዝም አልኩ። እየተንጣጣ ተበየደ፤ ላዩ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። በመዶሻ ሳልመታው ቀዩን የዝገት መከላከያ ቀለም፣ አንቲረስት፣ ስቀባበት አማረ። ምን ዋጋ አለው!

ጋሽ ወርቁ ቆጮ በጎመን እየበላ ቀና ብሎ አየኝ።

"መታኸው?"

"መትቻለሁ ጋሼ።"

"ጎበዝ" ብሎ አጎረሰኝ። ያ ጉርሻ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ውሃው ታንከሩን እየሞላ ሳለ ጋሽ ወርቁ ቧንቧ ሊያጠብቅ ማቆሚያው ላይ ወጣ። አራተኛው እግር ከብየዳው ተላቀቀና እሱ ከነታንከሩ ወረደ። ዳሌው ተሰበረ። የጣቢያው ኃላፊ ማነው ይሄን የበየደው እያለ ሲጮህ፣ ጋሽ ወርቁ መሬት ላይ እንደተጋደመ እኔ ነኝ አለ። ወደ ፍስሐ ገነት ሐኪም ቤት በመኪና ስንወስደው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ "አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ዝም በል" አለኝ።

ዝም አልኩ። እሱ ከዚያ በኋላ ከፍታ ላይ አልወጣም፤ ለሥራ የሚጠራውም ጠፋ። ደንበኞቹ ወደ እኔ መጡ፤ እንጀራውን በላሁበት። በየበዓሉ ዛሬስ ለቤተሰቡ እናገራለሁ እያልኩ ስኳርና ቡና ይዤ እሄድና ተመርቄ እመለሳለሁ። አምና ሞተ።

አጥሩን ትናንት ጨረስኩ። ሰናይት ልታየው ስትመጣ ልናገር ብዬ ሁለቴ አፌን ከፈትኩ።

"ጋሼ፣ አባቴ በገዛ ሥራው ወደቀ እየተባለ፣ አንገቱን እንደደፋ ሞተ" አለችኝ። "አጥሩ እንኳ አይውደቅበት ብዬ ነው ወዳንተ የመጣሁት።"

 ጋሽ ወርቁ ለእኔ ብሎ ዋሸ፤ እኔ ይኸው ሸብቼም ለራሴ ብዬ እዋሻለሁ። ነገ አጥሩን ልትወስድ ትመጣለች። ይህን የጻፍኩት አንደበቴ ነገም እንቢ ካለ ወረቀቱን እንድሰጣት ነው።