ወልደ አማኑኤል ሐኪም ሲቀጥር

የእህቴ የኮከቤ ባል ወልደ አማኑኤል ይባላል። ፊት ለፊት ስንገናኝ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ አንቱም እለዋለሁ፤ ታላቄ ነው፣ አስተዳደጌም ሌላ አይፈቅድልኝም። እዚህ ግን የሚቆጣኝ ስለሌለ አንቱታዬን ደጅ አስቀምጬ ነው የምጽፈው።

ሲያዩት ደህና ሰው ይመስላል። ክረምት ከበጋ ጥቁር በርኖሱን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ላይ አምባ ውስጥ ሲንጎራደድ ይውላል። ላይ አምባ ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል ሲኬድ መንገድ ዳር ያለችው የመንዝ ከተማችን ናት። ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ዘር መቁጠር ብቻ ነው። በእኛ አገር ሰባት ቤት ያልተራራቀ አይጋባም፤ ስለዚህ ልጁን የሚድር ሁሉ መጀመሪያ ወደ እሱ ይመጣል። ዓይኑን ይጨፍንና «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ» እያለ አገሩን መጀመሪያ እስከያዙት አቅኚ አባቶች ድረስ ይዘልቃል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። እንዴት ብሎ ይሳሳታል? ሊያርሙት የሚችሉት ሁሉ ሞተዋል።

ለቅሶ ላይም የሟቹን ዘር የሚቆጥረው እሱ ነው። ድንኳኑ ጸጥ ይላል፣ ሽማግሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እሱ ደረቱን ይነፋል። ሴት ከጠራም ለመሸጋገሪያ ያህል ነው፤ «በእናቱ በኩል» ይልና ወዲያው ወደ አባቷ ይዘላል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ሐኪም ቀጣሪ የሆነው።

የላይ አምባ ሆስፒታል የሴቶች ካንሰር ክፍል እንዲከፍት ተፈቅዶለት ነበር። የማህፀን ካንሰር የሚያክም፣ የጨረር ሕክምናም የሚያውቅ ስፔሻሊስት መቅጠር አለበት። እንዲህ ያለ ሐኪም ወደ ደጋ በቀላሉ ስለማይመጣ ሕዝቡም ያግዝ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ወልደ አማኑኤል ሰብሳቢ ሆነ፤ በርኖስ ስላለው ነው መሰለኝ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ተገኘ አባል ሆነ፤ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ሁሉ ልክ ይመስለዋል። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ባስልዮስም ገቡ። እኔ እስከዳር፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዋ፣ የሴቶች ተወካይ ተባልኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ የተሰጠኝ ኃላፊነት የእንግዳ ምግብ ማሰናዳት ነበር።

ለእኔ ይህ ቅጥር የወግ ነገር አልነበረም። ኮከቤ ከጥምቀት ጀምሮ ደም ይፈሳት ነበር፤ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ያለፏት ሴት። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን የምትማረው አንድ ልጇ አርሴማ እንኳ አታውቅም። አዲስ አበባ እንሂድ ብዬ ብለምናት፣ ብቆጣት «ለወንድ ሐኪም ገላዬን አልገልጥም» ብላ እምቢ አለች፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳልልም በእመቤታችን አስማለችኝ።

ደም ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባምና ሰንበት በመጣ ቁጥር ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ወልደ አማኑኤል ይህን አይቷል። አይቶም «የእኔ ሚስት እንደ ባዳ አጥር ሥር ስትቆም ሰው ምን ይለኛል?» ነው ያላት። ለምን ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቃትም። የመላ መንዝን ዘር ያውቃል፤ አጠገቡ የምትተኛው ሴት ደም እየፈሰሳት መሆኑን አያውቅም።

ማስታወቂያው ሲወጣ ያመለከተችው አንዲት ሐኪም ብቻ ነበረች፤ ዶክተር ሲና። የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት ናት፣ በጨረር ሕክምናም አዲስ አበባ ሠርታለች። ለኮከቤ ስነግራት ፊቷ በራ።

«ሴት ከሆነችማ እነግራታለሁ» አለችኝ። «ሥራ ትጀምር ብቻ፣ መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ።»

ዶክተር ሲና ለቃለ መጠይቅ የመጣች ዕለት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነበር። ከሚኒባስ ወርዳ እጇን እያሟሟቀች የሆስፒታሉን ክፍል ዞራ አየች። መጋረጃ እንዲሰቀል፣ በሩ ከውስጥ እንዲቆለፍ፣ ሴት ነርስ እንድትመደብ ጠየቀች። ወልደ አማኑኤል ደግሞ የጨረሩ መሣሪያ መቼ ተጭኖ እንደሚመጣ ጠየቃት።

«እሱ እዚህ አይመጣም፤ ወፍራም ግድግዳ ያለው የራሱ ሕንፃ ይፈልጋል» አለች። «ዋናው በሽታውን በጊዜ ማግኘት ነው። በጊዜ የተገኘው አብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይድናል። ጨረር የሚያስፈልጋቸውን ደግሞ አዲስ አበባ ካሉ ባልደረቦቼ ጋር ተነጋግሬ ወረፋ እይዝላቸዋለሁ።»

ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? በደስታ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ወልደ አማኑኤል ግን ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

«የስንታየሁ።»

«ስንታየሁ የማን?»

«አያቴን አላውቃቸውም። አባቴ ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው።»

ዶክተሯ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠበቀች። የሚቀጥል ጥያቄ አልነበረም። ምን ስትሠራ እንደቆየች፣ ብርዱን እንዴት እንደምትችለው፣ የት እንደምታድር የጠየቃት የለም። አመስግነው አስወጧትና ወልደ አማኑኤል ፍርዱን ሰጠ።

«አያቷን የማታውቅ ልጅ እዚህ ብርድ ውስጥ ምን ያስቀምጣታል? አንድ ክረምት አይታ ትሄዳለች። የራሳችንን ልጅ እንፈልግ።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንቀጥረው ሐኪም ነው፤ የምንድረው ሙሽራ የለም» አልኩት።

«አንቺ ምሳውን እይ» አለኝ።

ተገኘ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አባ ባስልዮስ «ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ያመጣል» አሉ። እግዚአብሔርማ አምጥቶ ነበር፤ በመጣችበት ሚኒባስ የመለሷት እነሱ ናቸው። ተሳፍራ ልትሄድ ስትል ደርሼ ስልኳን ተቀበልኳት። ኮከቤንም ዶክተሯ ያለችበት ድረስ እንሂድ አልኳት።

«ባሌ ካባረራት ሴት ደጅ በምን ፊቴ እቆማለሁ?» አለችና ተሸፋፍና ተኛች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወልደ አማኑኤል የራሳችንን ልጅ አገኘ። ዶክተር ይሥሐቅ ይባላል፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ትልቅ ስፔሻሊስት ነው፤ አክስቱ ገበያ ላይ ነው የነገረችው። ዓይኑን ጨፍኖ ቆጠረው። ልጁ በአያቱ በኩል በቀጥታ ከአቅኚው አባት የሚወርድ ሆኖ ተገኘ።

«ስፔሻሊስትነቱ የምንድን ነው?» አልኩ ስብሰባው ላይ።

«የምን የምን ነው? ስፔሻሊስት ስፔሻሊስት ነው!»

ራሱ ደወለለት። ስልክ ላይ ዘሩን ሲቆጥርለት ካርዱ እስኪያልቅ ቆየ። በመጨረሻ «የአባቶችህ አገር ይፈልግሃል፤ ና» አለው። ልጁም ዘመድ ጠራኝ ብሎ ሊመጣ ቃል ገባ።

ሙክት ታረደ፤ ሆስፒታሉ ግቢ ዳስ ተጣለ። ኮከቤ ልታግዘኝ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ወደ ቤት ግቢ ብላት «በባሌ እንግዳ ፊት ቤቴ አይዋረድ» አለችና ድስቱን ተቀበለችኝ። ዳሱ ውስጥ ለዶክተሩ አዲስ በርኖስ አለበሱት። ወልደ አማኑኤል ተነሥቶ ዘሩን ከላይ እስከ ታች አወረደው፤ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ «የእናቶቻችን መድኃኒት ይኸው መጣ!» አለ።

ዶክተር ይሥሐቅ ግራ ገብቶት ተነሣ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ክብረት ይስጥልኝ» አለ። «ነገር ግን እኔ የአጥንት ሐኪም ነኝ። የተሰበረ ነው የምጠግነው። የጠራችሁኝ የአያቶቼን አገር እንዳይ መስሎኝ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወልደ አማኑኤል ግን ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «አጥንቱን የቻልክ ሥጋው አያቅትህም» አለና ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኮከቤ ድስቱን እንደያዘች የወደቀችው በዚያ ሳቅ መካከል ነው። ቀሚሷ ከወገቧ በታች በደም ርሷል። ያን ያህል ጊዜ ስትደብቀው የኖረችውን ባሏ በጠራው ድግስ ላይ አገር አየው።

ዶክተር ይሥሐቅ የተሰጠውን በርኖስ አውልቆ ጠቀለላት። ወልደ አማኑኤልንና እኔንም አሳፍሮ በገዛ መኪናው አዲስ አበባ ድረስ አደረሰን። መንገድ ላይ ለዶክተር ሲና ደወልኩ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ወልደ አማኑኤልን አወቀችው። «ደህና መጡ» ብቻ አለችው።

ምርመራው ሲያልቅ እኔንና ወልደ አማኑኤልን ቢሮዋ አስገባችን።

«እናንተ ዘንድ በመጣሁ ጊዜ ባያት ኖሮ ቀዶ ሕክምናው ሊበቃት ይችል ነበር» አለች። «አሁን ከማህፀኗ አልፏል። ጨረሩ ደሙን ያቆምላታል፣ ሕመሙንም ያስታግስላታል። ትድናለች ብዬ ግን አልዋሻችሁም።»

አለቀስኩ። ወልደ አማኑኤል የከዘራውን ጫፍ ያያል። ዶክተሯ እስክሪብቶ አነሣችና ወደ እሱ ዞረች።

«ይህ በሽታ አንዳንዴ በቤተሰብ ይወርዳል። በባለቤትዎ ወገን በዚህ የሞተ ሰው አለ?»

ዘር ሲባል ነፍስ ዘራ። ጀርባውን አቃና፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ የኮከቤን አባት ብሎ ጀመረ፣ የአባቷን አባት ብሎ ቀጠለ።

«ሴቶቹን ነው የጠየቅኩት» አለችው።

ዓይኑን ገለጠ። ሃያ አባት በአንድ ትንፋሽ የሚያወርደው ሰው የሚስቱ እናት በምን እንደሞተች አያውቅም። የመለስኩት እኔ ነኝ። እናታችን አስካለ ማርያም ደም ሲፈሳት ከርማ ሞተች፤ ሰው ዓይነ ጥላ ነው አለ። ታላቅ እህቷ ጠጄም እንደዚያው ሞተች፤ ለእሷ ብርድ ነው ተባለ። ዶክተሯ ጻፈች።

«ኮከቤ ሴት ልጅ አላት?»

«አርሴማ» አልኩ።

«ትምጣ። አንቺም ትመረመሪያለሽ።»

ወልደ አማኑኤል ያን ጊዜ አለቀሰ። አላዘንኩለትም። እንባው ሊያግዛት በሚችልበት ጊዜ ከዘራውን ተክሎ የማን ልጅ ነሽ ሲል ነበር።

ጨረሩ የኮከቤን ደም አቆመው። አገሯ ስትመለስ በመጀመሪያው ሰንበት ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ከሴቶቹ መካከል ቆማ አስቀደሰች፤ ስትወጣም ትስቅ ነበር። ፍልሰታ እንደተፈታ አረፈች።

ለቅሶው ላይ ወልደ አማኑኤል እንደ ልማዱ ሊቆጥር ተነሣ። የራሱን ሚስት እንኳ ገና ከአባቷ ሊጀምር አፉን ሲከፍት አርሴማ ከሴቶቹ መካከል ቆመች።

«አባዬ፣ ይቀመጡ። እኔ እቆጥራለሁ» አለች። «እናቴ ኮከቤ በማህፀን ካንሰር ሞተች። የእሷ እናት አስካለ ማርያም ደም ሲፈሳት ሞተች። የአስካለ ማርያም እህት ጠጄ ደም ሲፈሳት ሞተች። እኔ አርሴማ ተመርምሬያለሁ፤ እስካሁን ደህና ነሽ ተብያለሁ።»

ሽማግሎቹ አንገታቸውን ደፉ። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ተብሎ አያውቅም። እሱም ተቀመጠ።

በማግስቱ ሦስት ሴቶች ተሸፋፍነው ወደ ቤቱ መጡ። ወልደ አማኑኤል በረንዳው ላይ ነበር። ልጅ የሚድሩ መስሎት በርኖሱን አስተካከለና «የማን ልጆች ናችሁ?» አላቸው።

«አርሴማ አለች?» አለች አንደኛዋ፣ አጠገቡ ስታልፍ። «የዚያችን የሴት ሐኪም ስልክ ፈልገን ነው።»