ሁለት አስ በሰላምታ ዙር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ መርሻ አንድ እሽግ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩና፣ "እስቲ በውዝ" አሉኝ። በወዝኩ። ቀራንዮ ያለው ክበባቸው ያኔ አራት ጠረጴዛ ነበረው፤ ሦስቱ ለዳማ፣ አንዱ ግራጫ ብርድ ልብስ የለበሰው ለካርታ። ጣቶቼን ሲያዩ ቆይተው፣ "የት ተማርከው?" አሉኝ።

"ማንም አላስተማረኝም" አልኩ።

"ያስታውቃል" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። በማግስቱ ና አሉኝ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ተመላለስኩ።

ሥራዬ አዳይ ነበር። አዳይ አይጫወትም፤ ካርታ ያድላል፣ ጸብ ይዳኛል። ሰባት ጊዜ ይበውዛል፣ በግራው ላለው ሰው ያስቆርጣል፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ፊቱን ደፍቶ ይሰጣል። ከዚያ መሀል ላይ አምስት የጋራ ካርታ ይገልጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከእጁና ከመሀሉ ምርጡን ያዛመደ ይወስዳል። በእኛ ክበብ ውርርዱ በቆርኪ ነው። የለስላሳና የቢራ ቆርኪ አጥቤ፣ ጠርዙን በመዶሻ አስተካክዬ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እስካሁን የሚጫወቱበት እሱን ነው።

ይህን ጨዋታ፣ ፖከርን፣ ያወቅኩት በደብተር ነው። ቤቴ አልጋ ላይ ለስምንት ሰው አድዬ ማን እንዳሸነፈ በጭረት እመዘግብ ነበር። ስድስት ደብተር ሞልቻለሁ። ሁለት አስ፣ ከካርታ ሁሉ ትልቁን፣ የያዘ ሰው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። ሰባት ሰው ከገባበት ግን ከግማሽ ጊዜ በላይ ይወድቃል። ይህን ሰፈሩ ውስጥ ከእኔ በፊት ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልተናገረም። ለመጣው ሁሉ እነግር ነበር፦ ጠንካራ ካርታ በመጀመሪያ ከያዝክ ውርርዱን ከፍ አድርግ፣ ሰው አባርር፣ አትደብቅ።

በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ውድድር አለን። ስምንት ሰው ይቀመጣል፣ ሽልማቱ ሙክት በግ ነው። አንድ ዓመት በመጀመሪያው እደላ ላይ አንዱ ከፍ አድርጎ፣ ዝናብ ያበሰበሰውን ጃኬት ገና ያላወለቀ ሰው አስወጣ። ወንበር ተነሳ። ገላግዬ ስጨርስ አንድ ሕግ አወጣሁ። የመጀመሪያው እደላ የሰላምታ ዙር ይሆናል፤ ሁሉም አንዳንድ ቆርኪ አስቀምጦ ሦስቱን የጋራ ካርታ ያያል፤ ከዚያ በፊት ማንም ከፍ አያደርግም። ጸቡ ቆመ። ጋሽ መርሻም፣ "እንዲህ ያለ ሕግ ከዳኛ አይወጣም" አሉኝ፤ ሙገሳ አድርጌ ወሰድኩት።

አምና እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን ሳድል አንድ ካርታ ተገለጠብኝ። ጋሽ መርሻ ካረፉ ወዲህ ክበቡን የያዘችው ልጃቸው ሰናይት አየችው። ነሐሴ ሲያልቅ ሻይ ይዛልኝ መጣችና፣ "ጋሼ፣ ዘንድሮ እርስዎ ይጫወቱ፤ እኔ አድላለሁ" አለችኝ። ጡረታ ማለቷ ነው። ደክሞኝ ስለነበር አልተከራከርኩም።

በዚያው ሳምንት የሰፈራችን ሰዎች የእንቁጣጣሽ በሬ የሚቃረጡትን ይመዘግቡ ነበር። ሰብሳቢውን፣ "የእኔን ስም ሰርዘው" አልኩት።

"ምነው ጋሽ ታደሰ፣ ሥጋ ተከለከሉ?"

"በግ አርዳለሁ።"

"ገዙ?"

"አሸንፋለሁ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ልጆቼ ከነልጆቻቸው ሲመጡ አሥራ አንድ ሰው ነን። ባለቤቴ ዘነበች አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።

የውድድሩ እሁድ ቆርቆሮው በዝናብ ይደበደብ ነበር። ሃምሳ ሃምሳ ቆርኪ ተሰጠን። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ደጀኔ ነው፤ ሳንሱሲ ታክሲ ተራ የሚያስከብር፣ ካርታ ያስተማርኩት። ሰናይት በውዛ አስቆረጠችና ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ ሁሉም በሰዓቱ ተገኝቷል። የሰላምታ ዙሩን ለዛሬ እንተወው?"

"ሕግ ሕግ ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

አደለች። የካርታዬን ጫፍ ቀና አድርጌ አየሁ። ሁለት አስ።

ከፍ አድርግ የሚለው የራሴ ድምፅ ነበር። ግን ምን ብዬ? ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ አሁን ያጸናሁትም እኔ። አንድ ቆርኪ አስቀመጥኩ። ሰባቱም አስቀመጡ። ሦስቱ ካርታ ወጣ፦ ንጉሥ፣ ሰባት፣ አራት።

አሁን ከፍ ማድረግ ይቻላል። አሥር ቆርኪ ገፋሁ። ስድስቱ ካርታቸውን ጥለው ከዙሩ ወጡ። ደጀኔ አገጩን አሻሸና አሥር አስቀመጠ። አራተኛው ካርታ ሁለት ነበር። የቀረኝን ሠላሳ ዘጠኙንም ገፋሁ።

"ጋሼ፣ አዝናለሁ" አለና እሱም አስገባ።

ገለጠ። ሰባትና አራት፤ ሁለት ጥንድ። እኔ አንድ ጥንድ፤ ሁለት ጥንድ ይበልጠዋል። የመጨረሻው ካርታ ዘጠኝ ሆነ። ለማንም አልጠቀመም።

በመጀመሪያው እደላ፣ ከስምንቱ ሰው መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ወንበር ያነሳ የለም። ሰናይት ካርታውን ስትሰበስብ አንገቷን አላቀናችም።

ደጀኔ በር ድረስ ሸኘኝ። "ከፍ ቢያደርጉ ኖሮ እኮ ጥዬ ነበር። ሰባትና አራት ይዞ ማን ይገባል? ያስገባኝ የእርስዎ ሰላምታ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ። ያስተማርኩህ እኔ ነኝ" አልኩት።

በጭቃው ቀስ ብዬ ቤቴ ደረስኩ። ዘነበች ሽንኩርት ትልጣለች።

"በጉስ?"

"የለም።"

ልጣጩን ሰብስባ ጨረሰች። ከዚያ፣ "ቅርጫው ውስጥ አለንበት። ስምህን ባሰረዝክ በማግስቱ በእኔ ስም አስመዝግቤያለሁ" አለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ የእኔንም ታሰርዘው ነበር።"

እውነቷን ነው።

የሰላምታ ዙሩ እስካሁን አልተነሳም። ይነሳ ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ አላልኩም። ለተጫዋቾች ግን የደብተሬን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዙር ጠንካራ ካርታ ሲመጣላችሁ፣ የጋራው ካርታ ሳይገለጥ ከፍ አድርጉ። ያን የሚከለክል ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጣችሁ፣ ሦስቱ ካርታ ከወጣ በኋላ ሁለት አስ አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ ሃምሳ ቆርኪ አያወጣም።