ሦስት ስም፣ ባዶ ሳጥን

ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ስቀጠር መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የኢሜይል ሰርቨር መትከል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቶሎ ተክሎ ይገላገላል። እኔ ለማሽኑ ስም ሳወጣ ሳምንቱ አለቀ። አባቴ መሪጌታ ናቸውና ዋናውን ሰርቨር «መሪጌታ»፣ መጠባበቂያውን «ቀኝጌታ» አልኩት። አባቴ ሲሰሙ፣ «ለመሆኑ ዜማ ያውቃል?» ብለው ሳቁብኝ።

ቀጥሎ ቅጽል አድራሻ መጣ፤ በሌላ ስም የተላከልህን ደብዳቤ ወደ ሳጥንህ የሚመራ ማለት ነው። ይሄማ ለእኛ አገር የተፈጠረ ነው አልኩ! እናቴ በአንድ ስም ትጠራኛለች፣ አባቴ በሌላ፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገበኝ አጎቴ ደግሞ ሦስተኛ አውጥቶልኛል። አንዱን ብተው አንዱ ይቀየመኛል ብዬ ሦስቱንም አስገባኋቸው። የሠራተኛውን አድራሻ ሁሉ ፈተንኩ። የራሴን? የባለሙያ አድራሻ ደግሞ ምኑ ይፈተናል!

ያን ሰሞን አዲስ አበባ ለሚሰጥ ስልጠና አመልክቼ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ የሚሆነው ያንን የወሰደ ሰው ስለሆነ፣ ቢያመልጠኝ እዚያው ገመድ ስጎትት መኖሬ ነው። እናቴ ተስላልኛለች። ጠዋት ስገባ ሳጥኔን እከፍታለሁ፤ ባዶ። ከምሳ በኋላም ባዶ። «ገጠሬ ብለው ንቀውኝ ነው!» እያልኩ ለሰማኝ ሁሉ አማኋቸው።

አንድ ቀን በቢሮው ስልክ ከስልጠናው አዘጋጆች አንዲት ሴት ደወለች። «ደብዳቤ ልከንልዎት ተመልሶብን ነው» አለች።

ደሜ ፈላ። «የእናንተ ሰርቨር ይሆናል የተበላሸው!» አልኳት። ስልኩን እንደያዝኩ የአድራሻዬን ዝርዝር ከፈትኩ። ጉድ ነው! እናቴ ያወጣችልኝ ስም አባቴ ወዳወጡልኝ ይመራል፣ የአባቴ ወደ አጎቴ፣ የአጎቴ ተመልሶ ወደ እናቴ። አንዱም ሳጥኔ ጋ አይደርስም። ደብዳቤዬ እንደ ምስኪን ባለጉዳይ «እዚያኛው ቢሮ ሂድ» እየተባለ ሲዞር ከርሟል።

አፈርኩ። «ታዲያ... ዕድሉ አመለጠኝ?» አልኩ።

«ስልጠናው የኢሜይል ሰርቨር አስተዳደር መሆኑን ያስታውሳሉ አይደል?»

«አዎ።»

ሳቋን ስትውጥ ተሰማኝ። «አሰልጣኞቹ ደብዳቤው ለምን እንደተመለሰ አይተው ተነጋግረውበታል። ከአመልካቹ ሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው ብለው አንደኛ አድርገውዎታል።»

እናቴ እልል ብላ ስለቷን አገባች። በምን እንዳለፍኩ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።