በቃጫ የታሰረው ብሎን

ሶዶ ውስጥ፣ ወደ ቦዲቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ነው። የመኪናዬ ሞተር ከተፈታ ሁለተኛ ቀኑ። መልሰው የሚገጥሙት አዛውንት ስማቸውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ቱታቸው በዘይት ብዛት ቀለሙ ጠፍቷል፤ ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ግን ንጹሕ ነው፣ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ለሞተሩ መጋጠሚያ ማሸጊያ ገዝቼ ያመጣሁትን ሲሊኮን መጀመሪያ አሸተቱት።

«ኮምጣጤ ይሸታል። ይሄ ለመስኮት ነው፤ የሞተር ብረት ይበላል» ብለው መለሱልኝ።

ሌላ ገዝቼ መጣሁ። እሱን በመጋጠሚያው ዙሪያ ከስፌት ክር ብዙም ባልወፈረ መስመር ቀቡት። ንዝረት በሚያላላቸው ብሎኖች ጥርስ ላይ ሰማያዊውን ማጣበቂያ ጠብ አደረጉ። ጠንካራውን ቀዩን ግን እንቢ አሉ። «ከእኔ በኋላ የሚፈታው ሰው ምን አደረገኝ?»

ዘይት ማፍሰሻው ብሎን ላይ ሲደርሱ ሁሉንም ገፋ አድርገው ከኪሳቸው የእንሰት ቃጫ አወጡ። በሳሙና አሽተው ጥርሱ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠሙት፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ደበቁት። ዱሮ፣ ሲሊኮን ሶዶ ሳይደርስ፣ በዚህ ነበር የሚታሸገው።

«ዛሬም ቃጫ?» አልኳቸው።

«ታላቅ ወንድሜ ነው ያስተማረኝ። ጫፉን እንዲህ የምንደብቀው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን። በዘጋሁት ሞተር ሁሉ እንዲህ የታሰረ አንድ ብሎን አስቀምጣለሁ።» ብሎኑን በጣታቸው ቀስ ብለው ማዞር ጀመሩ። «ከሄደ ሃያ ስድስት ዓመቱ። የት እንዳለ አላውቅም። የትም ቢሆን ግን እሱም ሞተር መፍታቱ አይቀርም።»